የማክሰኞ ቆጠራ

ሊቶር ሳትጠራ መጣች። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው።

ወንድሜ ካሣዬ ግን የሚሆነውን አጣ። ከብየዳ ሥራው ገብቶ፣ ገና የሥራ ጫማውን ሳያወልቅ ልጁን በር ላይ ሲያያት ፊቱ ቦግ አለ። «እትዬ! ልጄ መጣች እኮ!» ይለኛል፣ እኔ ዓይን የሌለኝ ይመስል። ልብ በሉ፤ ይቺ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ለበዓል በስልክ የአበባ ሥዕል ብቻ ስትልክለት የኖረች ናት። ታዲያ ሐብሐብ ታቅፋ፣ በዚያ ሙቀት የሰፈራችንን የኔቬ ዮሴፍን ዳገት ወጥታ ስትመጣ ሰው አንድ ነገር መጠርጠር የለበትም? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«ዶዳ ስንዱ» ብላ ጉንጬን ሳመች። አክስቷ ነኝና በዕብራይስጥ ዶዳ ትለኛለች። ድሮ እንደ ወፍ የምታንጫጫውን አማርኛ የት እንደጣለችው እንጃ። ሐብሐቡን ጠረጴዛ ላይ አኖረች፤ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ መልሳ ተቀመጠች።

«አባ፣ ላገባ ነው» አለች።

 ካሣዬ ያን በብየዳ እሳት የተጠባበሰ እጁን ዘርግቶ ፀጉሯን ዳበሰ። ልጅቱ አልሸሸችም። እኔ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ።

ልጁ ኦሪያን ይባላል፤ ክርያት ሞጽኪን ይኖራል፤ አምቡላንስ ላይ ይሠራል። አባቱ አባይ የሚባል ሰው ነበር፣ ሞቷል። ያሳደጉት አያቱ እማማ ድንቄ ናቸው፤ እሳቸውም ያለ ዘር ቆጠራ ምርቃት የለም ብለዋል። ለማያውቅ ልንገር፤ በእኛ በቤተ እስራኤል ልጅ ከመዳሩ በፊት ከሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት ቤት በታች አንድ አያት ላይ የተገናኙ እንደሆነ ወንድምና እህት ናቸው፤ ሠርግ የለም፣ አበቃ። የዛሬ ልጆች በብዙ ነገር ይስቁብናል፤ በዚህ ግን የሚስቅ እምብዛም አላየሁም።

«የእማን ወገን ቆጠሩ፤ ቤሰደር ነው፣ ደህና ነው» አለች ሊቶር። «ያንተን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ፣ አባ።»

ይህችን ቃል ካሣዬ እንደ ምርቃት ተቀበላት። እንዳትቆጡት። ስንት ዓመት ማንም ምንም ነገር ከሱ ፈልጎ አያውቅም ነበር።

ስትወጣ ደረጃው ድረስ ሸኘኋት። «እናትሽ ምን አለች?» አልኳት።

«እማ ሌላ ሽማግሌ እንፈልግ፣ እሱን ምን አስጠራሽ አለች። እምቢ አልኳት። አባ ይምጣ አልኩ። አባ እውነቱን ይናገራል።» ይህን ብላ እንደ ልጅነቷ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። እኔም ለካሣዬ አልነገርኩትም። ተራ ወሬ መስሎኝ ነዋ! ሰው የሚናገረውን ሁሉ ማን ይመዝናል?

ትዳራቸው የፈረሰ ጊዜ ሊቶር ገና አፏን የፈታች ነበረች። ፍርድ ቤቱ ለካሣዬ ማክሰኞ ማክሰኞን፣ ሰንበትን ደግሞ አንዱን እየዘለለ ሰጠው። እናቷ ሜራቭ ክርያት አታ ቀረች፤ እሱ ልብሱን በሻንጣ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ማክሰኞ በደረሰ ቁጥር ከፋብሪካው በጊዜ ይወጣና ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ወስዶ በአውቶቡስ ያመጣታል። እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው አባታችን ለእኛ ያስተማረንን ለእሷ ያስተማራት። በየፌርማታው አንድ አባት። «ሊቶር የካሣዬ!» ትላለች፣ አውራ ጣቷን አጥፋ። ቀጥሎ «ካሣዬ የፈረደ!» ቀጥሎ «ፈረደ የአለሙ!» አውቶቡሱ ቼክ ፖስት መገናኛው ላይ ብዙ ስለሚቆም የዚያን ስም በዜማ ታስረዝመዋለች። የእኛ ሰፈር ሲደርሱ ሰባት ቤት ሞልቷል። ሹፌሩ ሩሲያዊ ነበር፤ እሱ እንኳ በመስተዋት እያየ አብሯት ይስቅ ነበር።

ካሣዬ ብዙ ጉድለት አለበት። ጫማ ሲገዛላት ቁጥሩን ይስታል፤ የልደቷን ቀን እኔ ነኝ የማስታውሰው። አንድ ነገር ግን አያውቅም፤ መዋሸት አያውቅም። አንድ ማክሰኞ ጉልበቱ ላይ ተቀምጣ፣ «አባ፣ ቤት መቼ ትመለሳለህ?» አለችው። ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ «በቅርቡ» ስትላት ኖራለች። እኔም ከወጥ ቤት ሆኜ፣ «ይመለሳል የኔ ቆንጆ» አልኩ፤ ለልጅ ሌላ ምን ይባላል? እሱ ግን ዓይኗን እያየ፣ «አልመለስም ልጄ። ማክሰኞ ግን ሁልጊዜ እመጣለሁ» አላት። ስታለቅስ አመሸች። ሜራቭ በስልክ የሰደበችውን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ እኔም የራሴን ጨመርኩበት።

ልጅ ሲያድግ ማክሰኞ ያንሳል። መጀመሪያ የዳንስ ትምህርት መጣ፣ ቀጥሎ ፈተና፣ ቀጥሎ ጓደኞች። ትምህርት ቤት በር ላይ ሲጠብቃት «አባ፣ እዚህ በአማርኛ አትጥራኝ» አለችው። እሺ አለ፤ መንገድ ማዶ ቆሞ መጠበቅ ጀመረ። ሕፃን ሳለች መምጫዋን ፍርድ ቤት ይወስናል፤ ስትጎረምስ ራሷ ትወስናለች። አባት እውነተኛ ፍርዱን የሚሰማው ያኔ ነው።

ከዚያ የዘፈኑ ጉዳይ መጣ። ጻባ፣ ማለት ውትድርና፣ ከመግባቷ በፊት በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ መዝፈን ፈለገች። እዚህ ሳሎኔ ውስጥ ቆማ ዘፈነችለትና «እንዴት ነው?» አለችው። እሱ ደግሞ አሰበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ልጄ፣ ድምፅሽ ደካማ ነው፤ አይቀበሉሽም» አላት። አልተቀበሏትም። እሷም ውትድርናዋን ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ጊዜ እንኳ አልመጣችም። በኋላ ያችው የበዓል አበባ ብቻ ቀረች።

«ደስ ይላል ብትላት ምላስህ ይቃጠል ነበር?» አልኩት። አልኩ! አሁንም እላለሁ። «እውነትህን ታቅፈህ ተኛ እንግዲህ። ልጅ ግን የለህም።»

ብዙ ጊዜ ቆይቶ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ «ልክ ነሽ እትዬ፤ እውነት ምን ጠቀመኝ?» አለኝ። ያን ቀን የረታሁት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። ሊቶር ከሄደች በኋላ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እማማ ድንቄ የየት አገር ሰው ናቸው ብዬ በስልክ ጠየቅኳት፤ ወልቃይት አለችኝ። እኛ የጎንደር ዙሪያ ሰዎች ነን። ግን አባታችን ሲያጫውተን፣ ቅድመ አያታችን ተገኘ ወልቃይት ሁለተኛ ሚስት ነበረው ይል ነበር። ተገኘ ባለ እጅ ነው፤ ማረሻና ማጭድ እየሠራ አገር ላገር ይዞር ነበር። ከዚያችኛዋ ሚስት የተወለደ ልጅ ነበረው፤ የት እንደ ደረሰ አባታችንም አያውቅም።

«ካሣዬ፣ አስቀድመህ ለብቻህ ሄደህ አሮጊቷን አናግር» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«የማን ልጅ ነዎት ብለህ ነዋ! ሰው ሳይሰበሰብ፣ የምርቃቱ ዳቦ ሳይቆረስ።»

«ወልቃይት አገር ነው እትዬ፣ ጓዳ አይደለም» አለኝ። ሳቀ። «አታሟርቺብኝ። ልጄ ገና አሁን መጣችልኝ።» አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ በር ላይ ሰቅሎታል፤ በወጣ በገባ ቁጥር ይዳስሰዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን እያወቅኩ አፌን ዘጋሁ።

የተቀጠረው ቀን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻራቭ የሚሉት የበረሃ ነፋስ መጥቶ ሰማዩን ቢጫ አድርጎታል፤ ከዳገታችን ባሕሩ አይታይም፤ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ብቻ አቧራው ውስጥ ቆሟል። አውቶቡሱ ውስጥ ካሣዬ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥር ነበር። ቼክ ፖስት ስንደርስ ፈገግ ብሎ «ተገኘ» አለ፣ ለራሱ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ኦሪያን በር ላይ ተቀበለን፤ ለካሣዬ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ወንበር ሳበለት፣ ለእኔ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣልኝ። ምነው ባለጌ በሆነ አልኩ በልቤ። ባለጌ ቢሆን ይቀለን ነበር። ሜራቭ ማዶ ተቀምጣለች፤ ለካሣዬ አንገቷን ነቅነቅ አደረገች፣ በዚያው አበቃ። እማማ ድንቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ወንበር ላይ ናቸው። ዓይናቸው በሞራ ፈዟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ቆጠራውን የሚመሩት ሽማግሌ አባ ጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ እስቲ፣ ከወንዱ ወገን እንጀምር። ድንቄ ይቁጠሩ።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ጀመሩ። «ኦሪያን የአባይ። አባይ የእኔ፣ የድንቄ። እኔ የመኮንን። መኮንን የተገኘ።» እጃቸውን አነሱ። «ተገኘ ባለ እጁ። አባቴን ወልቃይት ወልዶ፣ ወደ ፊተኛይቱ ሚስቱ ወደ ጎንደር የተመለሰው።»

ጉድ ፈላ! ካሣዬን አየሁት። ጉልበቱ ላይ ያለው እጁ ተጨብጧል። አሮጊቷ የሚቀጥሉትን ስሞች አልሰማሁም፤ መስማትም አያስፈልግም፤ ከተገኘ በላይ ያሉት ሁሉ የእኛው ናቸው። ሊቶር ከኦሪያን ጎን በወጥ ቤቱ በር ቆማለች። አባቷን ነው የምታየው። ከዚያች የጉልበቱ ላይ ልጅ ወዲህ እንዲያ አድርጋ ስታየው አላየሁም።

«ካሣዬ ልጄ፣ ተራው ያንተ ነው» አሉ አባ ጌታው።

«ሊቶር የካሣዬ» አለ። ድምፁ ጥሩ ነበር። «ካሣዬ የፈረደ። ፈረደ የአለሙ።»

አለሙን ሊዘለው አይችልም። እዚህ አገር ስንገባ ጸሐፊው የአያታችንን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ጻፈብን፤ ሊቶር ራሷ በመታወቂያዋ ሊቶር አለሙ ናት። ውሸት የሚገባ ከሆነ ከአለሙ በላይ ነው የሚገባው።

«አለሙ የማን?» አሉ አባ ጌታው።

ካሣዬ ወደ ልጁ ቀና አለ። ልጁን አየ፣ ኦሪያንን አየ፣ የለበሰውን አዲስ ሸሚዝ እጅጌ ጎተት አደረገ።

«አለሙ የውቤ» አለ።

ውቤ! ውቤ የአገር ቤት ጎረቤታችን የአለቃ መርሻ አባት ነው፤ በሥጋ አንነካውም። ካሣዬ የጎረቤትን ዘር እንደ ውኃ አወረደው፤ የእነሱንም እንደ እኛው በቃል እናውቃለን፤ በአንድ አጥር ነው ያደግነው። አፌ ሊከፈት ነበር። ካሣዬ አየኝ፤ ያን አስተያየት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁበትም፤ የሚለምን ዓይን ነው። ዋጥኩት። እህት ነኝ፤ ምን ላድርግ!

«አለሙ አልክ ልጄ?» አሉ እማማ ድንቄ ከጥጋቸው። «አባቴ አለሙ የሚባል ወንድም ነበረው። አንድ ዓይኑን የብረት ፍንጣሪ ያጠፋበት።»

አባ ጌታው ወደ ካሣዬ ዞሩ።

«አለሙማ ስንቱ ነው እማማ» አለ ካሣዬ፤ ሳቀም። «የእኔ አያት ዓይኑ ደህና ነበር።» ሳቁ የእሱ አልነበረም፤ ከሌላ ሰው የተበደረው ይመስል ነበር። አያታችን አለሙ በአንድ ዓይኑ ሲያየን ነው ያደግነው።

እማማ ድንቄ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ትንሽ ቆዩ። የፈዘዘ ዓይን እንደዚያ ሲወጋ አላውቅም። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። አባ ጌታው «እንግዲህ አልተገናኙም፤ እግዚአብሔር ይባርክ» ሲሉ እልልታው ቀለጠ። ዳቦው መጣ። ሜራቭ እንኳ ተነሥታ የካሣዬን ትከሻ ነካች። ኦሪያን እየሳቀ ጓደኞቹን አቀፈ።

ሊቶር አልሳቀችም። እጇን እያየች ነበር። ጣቶቿ ታጥፈዋል፤ አንዷ ጣት ቀና ብላ ቀርታለች። የደስታ ድንጋጤ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«አባ፣ ውጪ ና» አለችው።

ወደ ግቢው ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ፤ ማን ይከለክለኛል። የሎሚ ዛፉ ሥር ቆሙ። ነፋሱ አሸዋ እየበተነ ፊታችንን ይለበልበናል። ከውስጥ እልልታው ይሰማል።

«እንደገና ቁጠርልኝ» አለችው።

«ቆጠርኩ እኮ ልጄ። አለቀ። ደስ ይበልሽ።»

እሷ እጇን አነሣች። አውራ ጣቷን አጠፈች። «ሊቶር የካሣዬ» አለች። በዚያች በጥንቷ ዜማ! አማርኛዋ ተሰባብሯል፣ ዜማው ግን አንድም አልጎደለ። «ካሣዬ የፈረደ። ፈረደ የአለሙ።» ቆመች። «ቼክ ፖስት ላይ ማን ነበር፣ አባ?»

ካሣዬ የዛፉን ግንድ ያዘ።

«ቼክ ፖስት ላይ ማን ነበር? አውቶቡሱ ብዙ ሲቆም? ሹፌሩ ሁሉ ያውቀው ነበር!»

«ሊቶርዬ...»

«ተገኘ ነበር። ስለ አለሙ ዓይንም አንተ ነህ የነገርከኝ። ሳቭታ ድንቄ፣ የእሱ አያት፣ ተገኘ ስትል ሰማሁ። ልቤ ቆመ። አሁን አባ ይናገራል አልኩ። አለቅሳለሁ፣ ኦሪያንም ያለቅሳል፣ ግን አባ ይናገራል አልኩ።» እንባዋ አቧራውን እያጠበ ይወርዳል። «ቆሜ ጠበቅኩህ።»

«እንዳላጣሽ ነው» አለ ካሣዬ። «እውነት በተናገርኩ ቁጥር ትሄጂብኛለሽ። በዘፈኑ ጊዜ...»

«አልቅሼ ነበር የሄድኩት። አፍሬ ነበር። ግን ልክ ነበርክ።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ቤት ይመለሳል ብላ እማ ትዋሸኝ ነበር። ዶዳም ትዋሸኝ ነበር። አልመለስም ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። ለዚያ እኮ ነው አንተን ያመጣሁህ! ሌላማ ሽማግሌ መች ጠፋ?»

«ልጄ፣ ለአንቺ ሲል ነው» ብዬ ገባሁበት።

«ለእኔ?» አለች። «ለእኔ ሲል ለወንድሜ ሊድረኝ?»

ካሣዬ እጁን ዘረጋ። አልገፋችውም። የተዘረጋውን እጅ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ በጎኑ አልፋ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ ሰው ወደ ሞላው ቤት ተመልሳ ገባች። ልትነግራቸው ነው። እኔ ከወንድሜ ጎን ቀረሁ።

ካሣዬ በሩን እያየ ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ፊቱ ግን፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ድሮ ማክሰኞ ልጁን ታቅፎ ከአውቶቡስ ሲወርድ የነበረው ፊት ነው።

«አልረሳችውም» አለኝ። «ሰማሻት እትዬ? አንዱንም አልረሳችውም እኮ።»

ውስጥ እልልታው ተቋረጠ።